ሳልፋቸው ያሰማሁት ክላክስ

ነገሩ የተጀመረው ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ፣ አጨዳ ካለቀ በኋላ ከብት የሚለቀቅበት ሰፊ ሜዳ አለ። ከደባርቅና ከዳባት የመጣን አሥራ አንድ የመንግሥት ሠራተኞች እዚያ ሜዳ ላይ ከስድስት ሞተር ሳይክሎች ፊት ተሰልፈን ቆመናል። ወሩ ጥር ነው፤ ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም። ከአሥራ አንዳችን ሴት እኔ ብቻ ስለነበርሁ ከሰልፉ መጨረሻ ሄጄ ከጋሼ ጎን ቆምሁ።

ጋሼ የምላቸው የሥራ ባልደረባዬን ነው። እኔ በእንስሳት ጤና ተመርቄ ደባርቅ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እሳቸው በዚያው ቢሮ ከብት ሲከትቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነኝ። ጥጃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሊራገጥ ያሰበ በሬ አስቀድሞ ጆሮውን ምን እንደሚያደርግ፣ ከብቱን አላስከትብም ያለ ገበሬ ቤት ገብተው ስለ ክትባቱ ሳያነሱ እንዴት እንደሚቀመጡ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ወደ ጃናሞራ አዋሳኝ ቀበሌዎች ስንወርድ የክትባቱን በረዶ ሣጥን በቅሎ ላይ ጭነን ሁለትና ሦስት ቀን እንሄድ ነበር። በመጨረሻዎቹ ጊዜያት ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው መሆኑን አይቼ፣ እንዳላየሁ ሆኛለሁ።

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለቢሯችን ሁለት ሞተር ሳይክል መጣ። ኃላፊያችን ሰብስቦን፣ ከእንግዲህ የመስክ ሥራ በሞተር ነው አለ። ሥልጠና ወስዶ ወረቀት ያገኘ መስክ ይወጣል፤ ያላገኘ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ይመደባል። ለእኔ ይህ ብዙም የሚያስጨንቅ አልነበረም፤ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ዓመት እሠለጥናለሁ። ለእሳቸው ግን የሚያባክኑት ዓመት አልነበረም። ከስብሰባው ስንወጣ በር ላይ አቆሙኝና፣

«ጡረታ ሊያወጡኝ ሦስት ዓመት ነው የቀራቸው» አሉኝ። «ሦስቱንም ዓመት ከከብቱ ጋር ልጨርሰው። እኔ ጨለማ ቤት ተቀምጬ ጠርሙስ ስቆጥር አልውልም፤ ያን ጊዜ ነው የምሞተው።»

ቀልደው የተናገሩት አልነበረም። በማግስቱ ከአንድ ነጋዴ አሮጌ ሞተር ለምነው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መንደር ለመንደር ሲንገዳገዱ ታዩ።

አሠልጣኛችን ከጎንደር የመጣ ሰው ነው። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ በሞተር መልእክት ያደርስ ስለነበረ ሁሉም ሃምሳ አለቃ እያለ ይጠራዋል። ቀጭን፣ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የማይታጠፉ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚያስፈራ ሰው ነበር። ስማችንን ለመያዝ አልሞከረም፤ በየመሥሪያ ቤታችን ነው የጠራን። «ውሃ፣ ወደኋላ! ትምህርት፣ ማርሹን አውጣ!» ይላል። እኔና ጋሼ ከአንድ ቢሮ ስለመጣን እሳቸው ትልቁ እንስሳት፣ እኔ ትንሿ እንስሳት ሆንን። ከውሃ ቢሮ የመጣው ጎረምሳ በዚህ ስያሜ ሦስት ቀን ሙሉ ሲስቅ ከረመ።

ሜዳው ላይ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረው፣ ሁለት ቀጥታና ሁለት ኩርባ ያለው፣ እንቁላል የመሰለ መንገድ ተሠርቶ ነበር። ሰኞ መነሳትና መቆም ተማርን። ማክሰኞ አንድ በአንድ ዞርን። ረቡዕ ስድስት ስድስት ሆነን እየዞርን መተላለፍ ተጀመረ። ከመጀመራችን በፊት ሃምሳ አለቃ ሁላችንንም ድንጋዮቹ ላይ አስቀመጠን።

«የሞተር ሰው የሚሞተው ሲያልፍና ሲታለፍ ነው» አለ። «ስለዚህ ስሙኝ። ከፊት ያለው መንገዱን ይይዛል። አይዞርም፣ ጥግ አይይዝም፣ እለፍ ብሎ በእጁ አያሳይም። ኃላፊነቱ የሚያልፈው ሰው ነው። የሚያልፈው በግራ ያልፋል፤ በቀጥታው ላይ ብቻ። ኩርባ ላይ ማንም ማንንም አያልፍም። በመካከላችሁ ሁለት ሜትር ይኑር። ክላክስ የሚባል ነገር እንዳልሰማ።»

«ክላክስ ለምን ተሠራ ታዲያ?» አለ ውሃ።

«ለበግ። እዚህ በግ የለም። ሰው ከኋላው ክላክስ ከሰማ ዞሮ ያያል። ዓይኑ የዞረበት ሞተሩም ይዞራል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ካልገባህ ዳባት ጤና ጣቢያ ያስረዱሃል።»

ይህ ሁሉ ለእኔ ግልጽ ነበር። ደብተር ይዤ ስለነበር እያንዳንዱን ቃል ጽፌዋለሁ። ደብተሩ አሁንም ድረስ አለ፤ «ክላክስ የለም» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ይሁንና እኛ ባደግንበት አገር ከፊት የሚሄድ ትልቅ ሰው ዝም ተብሎ አይታለፍም። ትንሽ ራቅ እንዳልሽ ፍጥነትሽን ትቀንሻለሽ፤ ከኋላ «እንደምን ዋሉ» ትያለሽ። ሰውየው ድምፅሽን ሲሰማ ወደ ጥግ ይልና «እለፊ ልጄ» ይላል። አንቺም አንገትሽን ሰበር አድርገሽ ታልፊያለሽ። ገደል አፋፍ በሆነው የበቅሎ መንገድ ላይ ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሰላምታውን ያልሰማች በቅሎ ትደነብራለች፤ የደነበረች በቅሎ ደግሞ የት እንደምትገባ ይታወቃል። ጋሼ ይህን ሠላሳ ዓመት ኖረውታል። ከኋላቸው ኮቴ ሲሰሙ ቦታ የሚለቁት አስበው አይደለም፤ ሰውነታቸው ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ከኋላቸው ሞተር በሰሙ ቁጥር ዘወር እያሉ ጥግ ያዙ። ሃምሳ አለቃ ሮጦ መጣ።

«አባቴ፣ መንገድዎን ይያዙ እንጂ!»

«ሰው መጣ እኮ።»

«ይምጣ።»

«መንገድ ልልቀቅለት እንጂ ታዲያ።»

«አይልቀቁለት። የእርስዎ ሥራ እሱ እንደሌለ ሆኖ መሄድ ነው።»

«ሰውን እንደሌለ?» አሉ ጋሼ በጣም ተገርመው። ሁላችንም ሳቅን፤ ሃምሳ አለቃም ጥርሱን ለማሳየት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግን ተማሩት። ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ሲያልፏቸው፣ አንገታቸው ላይ እባጭ ያለባቸው ይመስል ደርቀው፣ ፊት ለፊት ብቻ እያዩ ሄዱ። ከሞተሩ ሲወርዱ ፊታቸው እንደዚያ ቀን በርቶ አይቼው አላውቅም። «ቻልሁት እኮ» አሉኝ። ሃምሳ አለቃም ትከሻቸውን መታ አድርጎ፣ «ነገም እንዲህ ከሄዱ ወረቀትዎን ይዘው ይገባሉ» አላቸው።

ያልቻልሁት እኔ ነበርሁ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው አላለፍሁም። ከሁሉም ኋላ፣ ከሚገባው በላይ ርቀት ጠብቄ ዞርሁ። ሃምሳ አለቃ አስቆመኝ።

«ትንሿ እንስሳት፣ ቀብር እየሸኘሽ ነው?»

ሞተሩን አጠፋሁ።

«ነገ ፈተና ነው። አንድ ሰው በሥርዓት ያላለፈ ወረቀት አያገኝም። አንቺ ትልቁን እንስሳት ታልፊያለሽ፤ ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ይቀልሻል። እሳቸው ደግሞ ሲታለፉ መንገዳቸውን ከያዙ ሁለታችሁም አበቃ።»

ሐሙስ ጠዋት ተራችን እስኪደርስ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ አሉ የማልፍዎት» አልኋቸው።

«ሰማሁ። እለፊኝ፤ ምን ችግር አለው።»

«ዝም ብዬ ማለፉ ከበደኝ።»

ሳቁ። «ሰላምታ ልትሰጭኝ ነው? እዚያ ድስት ውስጥ ጭንቅላታችንን ከትተን ማን ማንን ይሰማል?» ድስት የሚሉት ሄልሜቱን ነው።

«ስደርስብዎት አንድ ጊዜ ክላክስ ላድርግ። በጣም አጭር። እኔ መሆኔን አውቀው እንዳይደነግጡ።»

ወደ ሃምሳ አለቃ ተመለከቱ። እሱ በሜዳው ማዶ ጫፍ ቆሞ ከትምህርት ቢሮው ሰው ጋር ይነጋገር ነበር።

«ሰውየው ከልክሏል እኮ።»

«አይሰማም። ነፋሱ ወዲያ ነው የሚሄደው።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ፣ «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉ።

ይህን አነጋገራቸውን አውቀዋለሁ። ቢሮ ውስጥ የማያምኑበትን ነገር ሳዝዛቸው የሚሉት ነው። ያኔ ግን ጆሮዬ አልያዘውም፤ ከልቤ ላይ አንድ ሸክም እንደወረደ ብቻ ነው የተሰማኝ።

ስድስታችን ወጣን። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው ነበርን። የመጀመሪያውን ዙር ተከተልኋቸው። በሁለተኛው ዙር ከኩርባው ወጥተን ቀጥታው ላይ ስንገባ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ በደብተሬ እንደጻፍሁት በግራ ወጣሁ፤ ሁለት ሜትሩንም ለካሁ። ጀርባቸው ይታየኝ ነበር። እንደ ትናንቱ ቀጥ ብለው፣ ፊት ፊታቸውን እያዩ፣ መንገዳቸውን ይዘው ነበር። ዝም ብዬ ባልፋቸው ኖሮ በዚያች ቅጽበት አልፌያቸው ነበር።

ክላክሱን በአውራ ጣቴ አንድ ጊዜ ነካሁት። የወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር።

ትከሻቸው ሲላላ አየሁ። ያ ትናንት ቀኑን ሙሉ አድርቀው የያዙት አንገት ተፈታ። በግራ ትከሻቸው ላይ ወደ እኔ ዞሩ፤ ግራ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ወደ ደረታቸው አስጠጉ፤ ራሳቸውንም ዝቅ አደረጉ። ሰላምታዬን እየመለሱልኝ ነበር። ሞተሩ ራሳቸው ወደ ዞረበት ዞረ።

የፊት ጎማዬ ከእግር ማሳረፊያቸው ኋላ መታቸው። እኔ ሣር ላይ ወደቅሁ፤ የእጄ አንጓ ተልጦ ደማ እንጂ ሌላ አልሆንሁም። የእሳቸው ሞተር ግራ እግራቸውን ከሥሩ እንደያዘ ተንሸራቶ፣ በኖራ ከተቀባ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

አጠገባቸው ስደርስ ሞተራቸው አልጠፋም ነበር። «አጥፉት» አሉ እንጂ አልጮሁም። ውሃና ትምህርት ሞተሩን አነሱት። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች፣ እግር በማይታጠፍበት ቦታ ታጥፎ ነበር። በእንስሳት ላይ ብዙ ስብራት አይቻለሁ። እንዲህ ያለ እግር ያለው በሬ ቢሆን ለባለቤቱ ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ ያ ሐሳብ ሳልጠራው መጣብኝ፤ እስከ ዛሬም ይቅር አልለውም።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

ሃምሳ አለቃ ሱሪያቸውን በጩቤ ቀዶ፣ ምልክት የተሰቀለባቸውን ሁለት እንጨቶች ነቅሎ እግራቸውን ከግራና ከቀኝ አሠረው። አሥሮ ሲጨርስ ጎንበስ አለላቸው።

«አባቴ፣ ምን ሆነው ነው ወደ ግራ የመጡት?»

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ጋሼ አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሰማዩ መለሱ።

«ዞርሁ» አሉ። «ልማድ ነው። ዞር ብዬ አየሁ።»

«እሷ ያደረገችው ነገር አለ?»

«የለም። እሷ በሥርዓቷ ነው የመጣችው።»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረ። «ልክ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። በራሴ ብቻ አዎ አልሁ።

በፒካፕ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። ፈተናው ከምሳ በኋላ ቀጠለና አለቀ። ሃምሳ አለቃ እዚያው ሜዳ ላይ፣ የፒካፑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሪፖርቱን ጻፈ፤ በምስክርነት እንድፈርምም ሰጠኝ። ስለ ጋሼ የተጻፈው አራት መስመር ነበር። መንገዳቸውን ለቀው ወደሚያልፈው አሽከርካሪ እንደገቡ፣ ለዚህም ምንም ምክንያት እንዳልነበረ፣ ተደጋግሞ ተነግሯቸው ልማዳቸውን መተው እንዳልቻሉና ወደፊትም ለሞተር ብቁ እንደማይሆኑ ይላል። ፈረምሁ። ከዚያ የእኔን ወረቀት ሰጠኝ። የማለፍ ሥርዓትን ጠብቃለች ይላል።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደባርቅ ገብቼ ወደ ጋሼ ቤት ሄድሁ። ባለቤታቸው ወደ ጎንደር ለመሄድ ቆሎና ጋቢ እየጠቀለሉ ነበር። ሲያዩኝ አቅፈው ሳሙኝ።

«አንቺ ከአጠገባቸው መኖርሽን ስሰማ ልቤ አረፈ» አሉ። «ጠንቃቃ ልጅ ናት፣ ከእሷ ጋር ስወጣ አልሰጋም ይሉኛል ሁልጊዜ።»

የተላጠውን እጄን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ «እግዚአብሔር ይማርልዎ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ ላይ ብናገረው ይሻላል። እግራቸው ከስድስት ወር በኋላ ገጠመ፤ ግን አጠረ፤ ጉልበታቸውም አልታጠፍ አለ። ሞተር ቀርቶ በቅሎ ላይም አልወጡም። የቀሯቸውን ሦስት ዓመታት መጋዘን ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ብርሃን ባለበት በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ሲሰጡ አሳለፉ። በአጠገባቸው ሳልፍ «እንደምን አደሩ» እላለሁ፤ «እለፊ ልጄ» ይላሉ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። አንዳንዴ ቢያነሱት እመኝ ነበር።

በዚያ ሐሙስ ምሽት ግን ይህን ማንም አያውቅም። እግሩ ሊድን ይችላል። ከዳነ ደግሞ መስክ እንዳይወጡ የሚያግዳቸው እግራቸው ሳይሆን እኔ የፈረምሁበት አራት መስመር ነው። ሳስበው የነበረው ይህን ብቻ ነው። ስለ ራሴ ወረቀት አላሰብሁም ብል ግን እዋሻለሁ።

አርብ ጠዋት ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ወርጄ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝሁ። ሃምሳ አለቃን ዳባት ያረፈበት አልጋ ቤት በር ላይ፣ ሻንጣውን ከጎኑ አስቀምጦ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት።

«ክላክስ አድርጌ ነበር» አልሁት፤ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስንት ጊዜ?»

«አንድ። አስቀድሜም ነግሬያቸው ነበር። እሺ ያሉኝ አለቃቸው ስለሆንሁ ነው።»

«ለምን?»

«ሰላም ሳልል ማለፉ አሳፈረኝ።»

«ሞተር ላይ የሞቱ ብዙ ጓደኞች አሉኝ» አለ። «በስካር የሞተ አለ፤ በጥጋብ የሞተ አለ፤ በጥይት የሞተ አለ። በጨዋነት የወደቀ ሰው ግን ትናንት ገና አየሁ።»

ወረቀቴን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁ። አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የእሳቸውስ?» አልሁት።

«መንገድ ለቀዋል። ያንን አንቺም እኔም አንሰርዘውም።»

«ብቁ አይሆኑም የሚለውን ነው።»

«ያን የጻፍሁት ያለ ምክንያት ዞሩ ብዬ ነው።» ከሻንጣው ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቶ ሰጠኝ። «የአንቺን ጻፊ። ሁሉንም። ከዚያ እኔ የራሴን እጽፋለሁ። የትናንቱ ሪፖርት ግን ትናንት ማታውኑ በፒካፑ ወደ ቢሯችሁ ሄዷል፤ ይህን እዚያ የምታደርሽው አንቺ ነሽ።»

አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። እሱ ከሥሩ በሁለት መስመር፣ አሽከርካሪው የዞሩት በክላክስ ምክንያት መሆኑን፣ ሲድኑም ዳግመኛ እንዲፈተኑ መጠየቁን ጽፎ ፈረመ። ደባርቅ ስመለስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። በቀጥታ መዝገብ ቤት ገባሁ።

መዝጋቢዋ ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው። «ክስ ነው?»

«አዎ።»

«ማን ላይ?»

«እኔ ላይ።»

ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አነበበችው። ከዚያ ቀንና ቁጥር ጻፈችበት፤ ማኅተሙንም መታችው። የጋሼን ማኅደር ከመደርደሪያው አወጣች፤ የትናንቱ ሪፖርት ከሁሉም ላይ ተያይዟል። የእኔን ከእሱ በላይ እንድታደርገው ጠየቅኋት። ማያያዣውን ፈትታ ከላይ አደረገችው፤ በትክክል መታሰሩን ቆሜ አየሁና ወጣሁ።